አዳፕተሯ ምን በደለች? «የሲግናል ጠላት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። አዳፕተር የሲግናል ጠላት ነው ይላል። ዲሽ የሚተክሉ ልጆች፣ ለሆቴልና ለጥበቃ የሬዲዮ መገናኛ የሚገጥሙ፣ ዋይፋይ የሚዘረጉ ሁሉ ተቀባብለውታል። የጸሐፊው ስም የለበትም። አጻጻፋቸው ግን ሥራውን በእጃቸው የነኩ ሰው መሆናቸውን ያሳብቃል። ስለዚህ በአክብሮት፣ ግን ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገረው። የአንዱ ኬብል ጫፍ ከሌላው ጋር አልገጥም ሲል መሃል ላይ የምናስገባት ትንሽ ብረት አለች። ጸሐፊው ይህችን ብረት ከሥራችሁ አስወጧት ይላሉ። እያንዳንዷ አዳፕተር ቢያንስ አንድ ዲሲቤል ትበላለች። ፒኤል-259 የሚባለው ወፍራም ኮኔክተር ጭራሽ መጣል አለበት። የ50 ኦም እና የ75 ኦም ዕቃ (ኦም የኢምፒዳንስ፣ ማለትም ዕቃው ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው) በአዳፕተር ያገናኘ ሰው ሬዲዮውን ያቃጥላል። የብሎኑ ጥርስ ገብቶ ከጠበቀ ግን አዳፕተር አያስፈልግም። ካልገባም ኬብሉን ቆርጦ ሽቦ ለሽቦ መጠምዘዝ ይሻላል። የግድ ከሆነ ወርቃማውን ግዙ። ጣሪያ ላይ ግን በፍጹም።

እኔ ደግሞ የምለው ይህን ነው። ጤነኛ አዳፕተር የምትበላው ሲግናል ኢምንት ነው። አደጋዋ ሌላ ቦታ ነው ያለው። መገናኘት የሌለባቸውን ነገሮች ታገናኛለች፣ ክብደቷና ርዝመቷ ሌላ ዕቃ ይሰብራል፣ ውጭ ስትሆን ደግሞ ውሃ ታስገባለች። ጸሐፊው ጣሪያውን ብቻ ነካ አድርገው ዲሲቤል ሲቆጥሩ ነው የዋሉት።

«አንድ ዲሲቤል ትበላለች»

በዚህ ልጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ ይኸው ነውና። አንድ ዲሲቤል ጠፋ ማለት ከኃይሉ 20 በመቶ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። 100 ዋት የሚልክ ሬዲዮ አዳፕተሯ ጋ ሲደርስ 20 ዋቱን ከሰረ ማለት ነው። እሺ፣ 20 ዋቱ የት ሄደ? ኃይል ዝም ብሎ አይተንም። ዙሪያው በብረት የተዘጋ ስለሆነ ወደ ውጭ የሚያመልጠው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚቀረው ሁለት መንገድ ነው። ወይ እዚያው ሙቀት ሆኗል፣ ወይ ወደ መጣበት ተመልሷል።

ሙቀት ሆኗል እንበል። የአውራ ጣት ጫፍ በምታህል ብረት ውስጥ 20 ዋት ሲነድ ምን እንደሚሆን አስቡት። ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ብረት የሚሠራው ከዚህ ብዙም በማይርቅ ኃይል ነው። ጥቂት ደቂቃ አስተላልፋችሁ፣ ሬዲዮውን አጥፍታችሁ አዳፕተሯን ብትነኩ እጃችሁን ትልጥ ነበር። ጤነኛ አዳፕተር ግን ቢበዛ ለብ ትላለች። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጣት ይበቃል።

ተመልሷል ከተባለ ደግሞ የኤስደብልዩአር መለኪያው (ምን ያህል ኃይል እንደተመለሰ የሚያሳየው) አፍ አውጥቶ ይናገራል። በመመለስ ብቻ አንድ ዲሲቤል ለማጣት ኤስደብልዩአሩ ወደ 2.7 መድረስ አለበት። አዳፕተር ባስገባ ቁጥር መርፌው እዚያ የሚወጣበት ሰው ካለ፣ የያዛት አዳፕተር ተበላሽታለች ወይም ከመጀመሪያውም የውሸት ናት። ይጣላት። ከዚያ ተነስቶ ግን ሁሉም አዳፕተር እንዲህ ነው ማለት አይቻልም።

ጤነኛዋ በ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ የምትወስደው ከአንድ ዲሲቤል አንድ አሥረኛ በታች ነው። ሙሉ አንድ አሥረኛ እንኳ ብትወስድ፣ 5 ዋት የምትልክ የእጅ ሬዲዮ 4.9 ዋት ገደማ ይቀራታል። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ይህን በጆሮው ሊለየው አይችልም። አሁን ወደ ኬብሉ ዙሩ። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭኑ ኬብል በዚሁ ፍሪኩዌንሲ በ10 ሜትር 2 ዲሲቤል ገደማ ይበላል። ከ5 ዋቱ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 3 ዋት ከምናምን ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ስትወጡማ ያው ኬብል በእያንዳንዱ ሜትር ወደ አንድ ዲሲቤል የሚጠጋ ይበላችኋል። ጸሐፊው በምሳሌያቸው ዋይፋይ አንቴና በ8 ሜትር ቀጭን ኬብል ሰቅለው ጥፋቱን መሃል ላይ ያለችው አዳፕተር ላይ ለጥፈዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልመንላቸው። የላላች ወይም ውስጧ የዛገ አዳፕተር በቁጥር አትያዝም። ዛሬ ትሠራለች፣ ነገ ትቆርጣለች። እሷን መለየት ቀላል ነው። ሬዲዮው በዝቅተኛ ኃይል እያስተላለፈ ኬብሉን አዳፕተሯ አጠገብ በቀስታ ወዘወዝ አድርጉና መለኪያውን እዩ። መርፌው ከዘለለ አለቀላት።

ፒኤል-259ን ለምን እንጥለው?

ይህ ኮኔክተር በ1930ዎቹ የተሠራ ነው። ሴቴው ኤስኦ-239 ይባላል። ጠንካራ ነው፣ ወፍራም ኬብል ይሸከማል፣ በቀላሉ አይሰበርም። ዩኤችኤፍ ኮኔክተር ተብሎ መጠራቱ ሰው ያሳስታል እንጂ ዛሬ ዩኤችኤፍ በምንለው ፍሪኩዌንሲ ላይ ጥሩ አይደለም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ውስጡ 50 ኦም እንዲሆን ታስቦ አልተሠራም፤ ሲግናሉ እዚያ ሲደርስ ኢምፒዳንሱ ዝቅ ይልና ሲያልፍ ይመለሳል።

ጥያቄው ይህ ጉድለት መቼ ይሰማል ነው። ጉድለቱ ያለበት ርዝመት 2 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በ14 ሜጋኸርዝ አንድ ሞገድ 21 ሜትር ይረዝማል። ከ21 ሜትር ውስጥ 2 ሳንቲሜትር ምንም ማለት አይደለም፤ ሞገዱ ሳያየው ያልፋል። በ145 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 2 ሜትር ገደማ ነው። አሁንም አንድ መቶኛ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ግን ሞገዱ 12.5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ በፕላስቲክ ውስጥ ሲሄድ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ያን ጊዜ 2 ሳንቲሜትሯ ትልቅ ጉድጓድ ትሆናለች። ከ300 ሜጋኸርዝ በላይ ለሚሠራ ሰው ፒኤል ይቅርብህ እለዋለሁ። ኤን ኮኔክተር አለ፤ በ1940ዎቹ የቤል ላብስ መሐንዲስ ፖል ኒል የሠራው፣ መጀመሪያ ሲወጣ እስከ 1 ጊጋኸርዝ የታሰበ፣ የዛሬው ግን እስከ 11 ጊጋኸርዝ የሚሠራ፣ ውሃ የሚከለክል ጎማ ያለው። በአጭር ሞገድና በ2 ሜትር ባንድ (145 ሜጋኸርዝ አካባቢ) የሚሠራን ሰው ግን ፒኤልህን ነቅለህ ጣል ማለት በማያውቀው በሽታ መድኃኒት ማዘዝ ነው። ከፒኤል ወደ ቢኤንሲ (ገፋ አድርጎ በማዞር የሚቆለፈው ኮኔክተር) ወይም ወደ ኤን የምትቀይር አንዲት አዳፕተር አስገብቶ ሥራውን ይቀጥል።

50 ኦም እና 75 ኦም

ይህ ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር ስለሆነ ረጋ ብዬ ልሂድበት።

የዲሽና የቴሌቪዥን ኬብል 75 ኦም ነው። የመገናኛ ሬዲዮ፣ የዋይፋይና የመለኪያ ዕቃ 50 ኦም ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ልዩነቱ ስንት ነው? 75ን ለ50 ስታካፍሉት 1.5 ነው። ኤስደብልዩአሩ 1.5 ሆነ ማለት ነው። ከኃይሉ የሚመለሰው 4 በመቶ ነው። በዲሲቤል ሲቆጠር 0.18 ነው። አብዛኛው ማስተላለፊያ 1.5 ሲያይ ሙሉ ኃይሉን ከመልቀቅ ወደኋላ አይልም። ተቃጠለ የሚባለው ሬዲዮ በዚህ አልተቃጠለም።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔ ብሆን ኖሮ የማነሳው ሌላ ነጥብ አለ። 50 ኦም ሬዲዮና 50 ኦም አንቴና መሃል 75 ኦም ኬብል ስትዘረጉ ውጤቱ በኬብሉ ርዝመት ይወሰናል። ርዝመቱ በኬብሉ ውስጥ ካለው ሞገድ ግማሽ ከሆነ ሬዲዮው ኬብሉን ጭራሽ አያየውም፤ 50 ኦሙን አንቴና ብቻ ያያል። ሩብ ሞገድ ከሆነ ደግሞ 112.5 ኦም ያያል፤ ኤስደብልዩአሩ 2.25 ይሆናል። እዚህ ጋ አንዳንድ ሬዲዮ ራሱን ለመጠበቅ ኃይሉን መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ ትርፍ የዲሽ ኬብል ለሬዲዮ የሚጠቀም ሰው ርዝመቱን እየለካ ይቁረጥ። ያኔ ርካሹ አርጂ-6 በአንድ ሜትር ከአርጂ-58 ያነሰ ስለሚበላ ጥሩ ይሠራለታል።

አዳፕተር ደግሞ ኢምፒዳንስ አትቀይርም። የምትቀይረው ቅርጹን ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ «ከ75 ወደ 50 መቀየሪያ» እየተባለች የምትሸጠው ተራ ቁራጭ ብረት እውነተኛ መቀየሪያ አይደለችም። በትክክል ለመለካት የሚፈልግ ሰው ውስጡ ሬዚስተር ያለው ማዛመጃ ይገዛል፤ እሱም 5.7 ዲሲቤል ይበላል። ያ ኪሳራ ታስቦበት የሚከፈል ስለሆነ ከመለኪያው ንባብ ላይ ይስተካከላል። ዜና ለሚያዳምጥ ወይም ከአውሮፕላን የሚመጣ ሲግናል በኮምፒውተር ለሚቀበል ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። የዲሽ ኬብሉን ጫፍ፣ ኤፍ ኮኔክተሩን፣ ኤስኤምኤ ወደሚባለው ትንሽ ባለብሎን ኮኔክተር በምትቀይር አዳፕተር ይሰካና ይቀበላል።

ቆይ ግን፣ ይህቺው ከኤፍ ወደ ኤስኤምኤ የምትቀይር አዳፕተር ዕቃ ልታቃጥል ትችላለች። በኦም አይደለም። ሪሲቨሩ በዲሽ ኬብል ውስጥ 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላይ ወዳለው ተቀባይ) ይልካል። ያ ቮልት መሃለኛው ሽቦ ላይ ነው ያለው። ከስፕሊተር (ሲግናል ከሚያከፋፍል ዕቃ) የወጣ ኬብል ላይ አዳፕተር ሰክቶ ወደ ኮምፒውተሩ ተቀባይ ወይም ወደ ስፔክትረም መለኪያ ያስገባ ሰው 18 ቮልቱን በቀጥታ ግቢ ብሎ በሩን ከፈተላት። የሚሊዮንኛ ዋት ክፍልፋይ ለመቀበል የተሠራ ዕቃ ይህን አይችልም። ሁለቱ ኮኔክተሮች አልገጥም ማለታቸው እኮ ሰውየውን እየጠበቀው ነበር። መሃል ላይ ቮልት የሚያግድ ዲሲ ብሎክ አስገቡ፣ ወይም ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉና በመልቲሜትር ለክታችሁ ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ። ጸሐፊው የሬዲዮ ቃጠሎ ሲያነሱ ይህን ቢያነሱ ኖሮ እጄን አውጥቼ እስማማ ነበር።

«ጥርሱ ከገባ አዳፕተር አያስፈልግም»

ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ሌላው ቢበዛ ገንዘብ ያስወጣል፤ ይህ ዕቃ ይሰብራል።

የዋይፋይ ራውተር አንቴናችሁን ፈቱና ሁለቱን ጫፎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩ። ራውተሩ ላይ ያለው ጥርሱ በውጭ ነው፤ ስለዚህ ሴቴ ይመስላል። መሃሉ ላይ ግን ቀዳዳ ሳይሆን ፒን ቆሟል። አንቴናው ላይ ያለው የሚዞር ብሎን ነው፤ ወንዴ ይመስላል፤ መሃሉ ግን ቀዳዳ ነው። ይህ አርፒ-ኤስኤምኤ ይባላል። ተራው ኤስኤምኤ የዚህ ግልባጭ ነው። ጥርሳቸው አንድ ነው፣ መጠናቸው አንድ ነው፣ የተገላበጠው መሃሉ ብቻ ነው። ይህ የሆነው ደግሞ በስህተት አይደለም። የአሜሪካው የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍሲሲ በደንቡ ክፍል 15 ውስጥ፣ ፈቃድ የማይጠየቅባቸው ማስተላለፊያዎች ሰው ከሱቅ ያገኘውን ትልቅ አንቴና እንዳይገጥምባቸው ለየት ያለ መሰኪያ እንዲኖራቸው አዘዘ። አምራቾቹ ኤስኤምኤን ገለበጡትና ደንቡን አሟላን አሉ። (ዛሬ ግልባጩ በየሱቁ ስለሚሸጥ ደንቡ ማንን እንደከለከለ እንጃ።)

እና በጸሐፊው ምክር ጥርሱ ገባልኝ ብላችሁ ስታጠብቁ ምን ይሆናል? ሁለት ቀዳዳ ከተገናኘ ብሎኑ ጥርቅም ብሎ ይጠብቃል፤ መሃል ላይ ግን ምንም የሚነካካ የለም። የእጅ ሬዲዮ ከሆነ ያለ አንቴና እያስተላለፈ ነው ማለት ነው። ሁለት ፒን ከተገናኘ ደግሞ ፒን ከፒን ይገፋፋል፤ አንዱ ይጣመማል ወይም ወደ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ የቻይና የእጅ ሬዲዮዎች ደግሞ ፒኑን ያደረጉት ሬዲዮው ላይ ስለሆነ ነገሩ የባሰ ይምታታል። ስለዚህ ከማጥበቃችሁ በፊት የሁለቱንም መሃል በባትሪ አብርታችሁ እዩ። አንድ ፒን፣ አንድ ቀዳዳ። ከዚህ ውጭ ከሆነ አቁሙና ትክክለኛዋን አዳፕተር ፈልጉ።

ኤን ኮኔክተርም እንዲሁ ወጥመድ አለው። የ75 ኦሙ ኤን መሃለኛ ፒኑ ከ50 ኦሙ ይቀጥናል። ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። የ50 ኦሙን ወንዴ በ75 ኦሙ ሴቴ ውስጥ ብታስገቡት የቀጠነችውን ቀዳዳ ይበረግዳታል። ከዚያ በኋላ ያቺ ሴቴ የራሷን ቀጭን ፒን እንኳ መያዝ አትችልም። የ75ቱን በ50ው ውስጥ ስታስገቡ ደግሞ አንዳንዴ ይነካል፣ አንዳንዴ አይነካም። ቢኤንሲ ላይ ይህ ችግር ብዙም የለም፤ የ50ውና የ75ቱ ሳይጎዳዱ ይገጣጠማሉ።

ሽቦ ለሽቦ ስለመጠምዘዝ

አዲስ አበባ ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይቷል። ኬብሉ አጠረ፤ ሁለቱ ጫፎች በፒንሳ ተላጡ፣ መዳቡ ከመዳቡ ተጠመዘዘ፣ ዙሪያውን ያለው የሽቦ መረብ ከመረቡ ተጠመዘዘ፣ ላዩ ላይ ናስትሮ ተጠቀለለ። ጸሐፊው ይህን «ቀጥታ ግንኙነት» ብለው ከአዳፕተር አስበልጠውታል። ለመብራት ሽቦ ቢሆን አልከራከርም። ለዲሽ ግን አይሆንም።

ከኤልኤንቢው የሚወርደው ሲግናል ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ነው። ላይኛው ጫፍ ላይ አንድ ሞገድ 14 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የተጠመዘዘው ቦታ 5 ሳንቲሜትር ቢሆን ከሞገዱ ሲሶ በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ 5 ሳንቲሜትር ውስጥ መሃለኛው ሽቦ ዙሪያውን መከለያ የለውም። ሁለቱ ሽቦዎች ምን ያህል ተራርቀው እንደሚሄዱ የሚወስነው የሠራተኛው እጅ ነው። 75 ኦም የሚባለው ነገር እዚያ ያበቃል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ምልክት ይህ ነው፤ ዝቅ ያሉት ፍሪኩዌንሲዎች ይመጣሉ፣ ከፍ ያሉት ይቆራረጣሉ ወይም ይጠፋሉ። ሰውየው ዲሹ ተዛውሯል ብሎ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲያዞር ይውላል፣ ልጁ ታች ሆኖ «መጣ! ሄደ!» እያለ ይጮኻል። ዲሹ ግን ምንም አልሆነም።

ከዚህ የባሰው አንዲት የመረቡ ክር ናት። ከጸጉር የምትቀጥን ክር ወደ መሃለኛው ሽቦ ጠጋ ካለች የሪሲቨሩ ቮልት ሾርት ያደርጋል። ደግነቱ ብዙ ሪሲቨሮች ይህን አውቀው ቮልቱን ይቆርጣሉ። ሁሉም ግን አያደርጉትም።

መፍትሔው ሁለት ኤፍ ኮኔክተርና መሃል ላይ አንዲት ሴቴ ለሴቴ ማገናኛ ነው። በጣም ርካሽ ነው። ስትገዙ የቆየውን የኬብል ቴሌቪዥን ዓይነት ተዉና እስከ 3 ጊጋኸርዝ የሚለውን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ መሃሉ ሰማያዊ ነው። ኤፍ ኮኔክተር የራሱ ፒን የለውም። ፒን የሚሆነው የኬብሉ መሃለኛ ሽቦ ራሱ ነው። ስለዚህ ስትልጡት አታቁስሉት፣ ጫፉ ከኮኔክተሩ አፍ ጥቂት ሚሊሜትር ይውጣ፣ አንዲትም የመረብ ክር ወደ ውስጥ እንዳትገባ እዩ።

ጸሐፊው እዚሁ ላይ የጨመሩት አንድ ሐሳብ ግማሽ ልክ ነው። ለዘለቄታው የሚቀመጥ ሥራ ከሆነ አዳፕተሩን ትታችሁ የኬብሉ ጫፍ ላይ ትክክለኛውን ኮኔክተር ግጠሙ ይላሉ። በትክክለኛው መሣሪያ የሚገጥም ሰው ካለ፣ አዎ። ትክክለኛው መሣሪያ ሳይኖር በፒንሳ የተጨፈለቀ ኮኔክተር ግን ከአንዲት ጥሩ አዳፕተር በብዙ ያንሳል። አዳፕተር ማለት ብልሃት ያጣ ሰው ዕቃ ነው የሚለውን ደግሞ ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ቢሰማ ይስቃል። ውድ መለኪያ ያላቸው ሰዎች ሆን ብለው መለኪያው አፍ ላይ አንዲት አዳፕተር አጥብቀው ይተዋሉ። ኤስኤምኤ ብዙ ጊዜ የሚገመተው ለ500 ያህል መሰካትና መንቀል ነው። ያን ሁሉ መፍተግ መለኪያው ላይ ከሚያደርሱት አዳፕተሯ ላይ ያደርሱታል። ስታልቅ እሷን ይቀይራሉ።

በነገራችን ላይ ኤስኤምኤ ስታጠብቁ የሚዞረው ብሎኑ ብቻ ይሁን። የኮኔክተሩን ገላ ይዛችሁ ካዞራችሁ ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ እየዞረ ወርቁን ይፍቃል። መፍቻ ይዛችሁም በሙሉ ጉልበት አትጋቱ። ለናሱ ዓይነት 0.56 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ይህ በሁለት ጣት ከተያዘ አጭር መፍቻ አያልፍም።

«የግድ ከሆነ ወርቃማውን ግዙ»

ወርቅ ከመዳብም ከብርም ያነሰ አስተላላፊ ነው። ጥቅሙ አለመዛጉ ነው፤ በተለይ ፒኑ ላይ። ርካሿ አዳፕተር ላይ ያለው ወርቃማ ቀለም ግን ከስሱም የሳሳ ነው። በ100 ሜጋኸርዝ ሞገዱ መዳብ ውስጥ የሚዘልቀው 6.6 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከሚሊሜትር መቶኛም አይሞላም። ያቺ ቅብ ደግሞ ከዚህም በብዙ ትቀጥናለች። ስለዚህ ሲግናሉ በአብዛኛው የሚሄደው ከሥሯ ባለው ብረት ነው። ከሥር ያለው ናስ ከሆነ ደህና ነው። ማግኔት ጠጋ አድርጉ፤ ጭብጥ አድርጎ ከያዛት ተዉአት። መሃል ያለው ነጭ ፕላስቲክ ቴፍሎን ቢሆን ይመረጣል፤ ርካሹ ፕላስቲክ የመበየጃ ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል። የሴቴዋ ጣቶች ፒኑን ጥርቅም አድርገው መያዝ አለባቸው። ከቀለሙ በፊት የሚታየው ይህ ነው።

የሞባይል ማማ ላይ ብቻ ነገሩ ይከራል። እዚያ ብዙ ፍሪኩዌንሲ በትልቅ ኃይል ባንድ ኬብል ስለሚያልፍ የኒኬል ቅብ ወይም የላላ ግንኙነት አዲስ ፍሪኩዌንሲ ይፈጥራል፤ የአንዱ እጥፍ ሲቀነስ ሌላው። የተፈጠረው ነገር በመቀበያው ላይ ከወደቀ ማማው ራሱን በራሱ ያደነቁራል። ለዚያ ሥራ የአዳፕተር ጥላቻቸው ተገቢ ነው። ቤት ላለ ዲሽና ለእጅ ሬዲዮ ግን አይመለከተንም።

ክብደት

ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሱት ነው፤ ስለዚህ ባጭሩ ልጨምርላቸው። የእጅ ሬዲዮ ኤስኤምኤ ላይ ከኤስኤምኤ ወደ ቢኤንሲ፣ ከቢኤንሲ ወደ ፒኤል፣ በዚያ ላይ እንደ ጣት የወፈረ አርጂ-213 ኬብል የሚያንጠለጥል ሰው አለ። ሁለቱ አዳፕተሮች በሲግናል የሚያደርሱት ጉዳት ከቁጥር አይገባም። በክብደት ግን የሬዲዮውን ኮኔክተር ከቦርዱ ላይ ይነቅሉታል። ሬዲዮው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ኬብሉ በእግር ሲጠለፍ ደግሞ በአንድ ጊዜ ያልቅለታል። እንዲህ ዓይነት ቦታ አንድ ጫፉ ኤስኤምኤ፣ ሌላው ጫፉ ፒኤል ወይም ኤን የሆነ አጭርና ቀጭን ኬብል ግዙ። ወፍራሙ ኬብል ግድግዳ ላይ ይታሰር፤ ሬዲዮውን የሚነካው ቀጭኑ ብቻ ይሁን።

«ጣሪያ ላይ በፍጹም»

እዚህ ጋ ልክ ናቸው፤ «በፍጹም» የሚለው ብቻ ትንሽ ይጠነክራል። እያንዳንዷ አዳፕተር ሁለት አዲስ ቀዳዳ ናት። ክረምት ሲገባ ውሃው በጥርሱ በኩል ይገባና በመረቡ ክሮች መሃል ወደ ታች እየተሳበ ሜትር በሜትር ይወርዳል። ፒኤል ውሃ የሚከለክል ምንም ነገር የለውም። ኤፍም ያለ ጎማ ከሆነ ያው ነው።

ውጭ መገናኘቱ ግድ ከሆነ ናስትሮ ብቻውን አይበቃም። ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይለቃል፣ የገባውን ውሃ ደግሞ አፍኖ ያስቀራል። መጀመሪያ ሲጎተት እርስ በርሱ የሚጣበቀውን የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ፤ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ላይኛው ታችኛውን ይደርብ። ናስትሮው ከዚያ በላይ ይምጣ። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ ውሃው እጥፋቱ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል።

ውሃ ገብቶ እንደሆነ ደግሞ ጣሪያ ሳትወጡ መገመት ይቻላል። ዶፍ ሲዘንብ ምስሉ ጠፍቶ ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው ከተመለሰ ደመናው ነው ያገደው፤ ኬብሉን አትንኩት። ዝናቡ አቁሞ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሁለት ሦስት ቀን አልፎም ሲግናሉ እንደወረደ ከቀረ ማገናኛዋን ፍቱ። መረቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካገኛችሁት አዲስ አዳፕተር መግዛት ዋጋ የለውም። ንጹህ መረብ እስክታገኙ ድረስ ኬብሉን እየቆረጣችሁ ሂዱ።